እቴጌ ጣይቱና የውሃው ነገር

በግንቦቱ ስብሰባችን የልጆች ጉዳይ ሲነሳ አፌ የቀደመኝ እኔ ነበርኩ። ክረምቱን ሙሉ ስልክ ላይ አጎንብሰው ከሚያሳልፉት ለምን ታሪክ ያለበትን ቦታ አናሳያቸውም ብዬ ተናገርኩ። ማን ያሳያቸው የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ሁሉም ዓይን ወደ እኔ ዞረ። እንጀራ ጋግሬ የማድር ሴት ነኝ፤ ትምህርቴም ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። ቢሆንም የተናገረ ይፈጽም ተብሎ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። አሥራ አራት ልጆችና ሦስት እናቶች ሆነን ሁለት ቅዳሜ ወጥተናል። ጸሐፊያችን ያየሁትንና ለልጆቹ የነገርኳቸውን ለመጽሔታችን እንድጽፍ ስለጠየቀችኝ ይህን ጽፌያለሁ።

የመረጥኩት የእቴጌ ጣይቱን ሕይወት ነው። የመጨረሻዋ ልጄ ስለ ዓድዋ ስታጠና ደብተሯን አየሁት። የጄኔራሎቹ ስም፣ የወታደሩ ቁጥር፣ ቀኑ፣ ሁሉም ተጽፏል። እቴጌይቱ ግን አንድ መስመር ብቻ ነው የደረሳቸው፤ ያውም ከባለቤታቸው ጋር ዘምተዋል የሚል። ለእኔ እናቴ የነገረችኝ እንዲህ አልነበረም። እናቴ ማንበብ ባትችልም የመቀሌውን የውሃ ነገር ትላንት እንዳየችው አድርጋ ነበር የምታወራው። እኔ ካልነገርኩ ወሬው በእኔ ላይ ሊቆም ነው ብዬ ፈራሁ።

ጣይቱ ብጡል የተወለዱት በ1840ዎቹ ነው። ዘራቸው ከሰሜንና ከየጁ መሳፍንት ይመዘዛል። አጎታቸው ደጃዝማች ውቤ ሰሜንንና ትግራይን ይገዙ የነበሩ ትልቅ ሰው ናቸው። በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በካሳ፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ በተባሉት፣ ተሸንፈው ታሰሩ፤ ቤተሰቡም ተበተነ። ጣይቱ አባታቸውን በልጅነታቸው ያጡ ናቸው። ያደጉት ጎጃም ውስጥ በደብረ መዊ አካባቢ እንደሆነ ይነገራል። በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ እምብዛም ያልተለመደውን ፊደል ቆጠሩ፤ አማርኛ ማንበብና መጻፍ ቻሉ፤ ግዕዝም ያውቁ ነበር፤ በገናም ይደረድሩ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከእኛ መካከል አንዲት እህት ከዓመታት በፊት ከአንድ አበዳሪ ገንዘብ ስትወስድ የማታነበው ወረቀት ላይ አውራ ጣቷን አሳርፋ፣ ወለዱ በየወሩ የሚደራረብ መሆኑን የሰማችው ዕቃዋ ሊወሰድ ሲል ነው። ማኅበራችን የማታ ትምህርቱን የጀመረው በዚያ ሰበብ መሆኑን የቆያችሁ ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ ለልጆቹ የእቴጌይቱን ማንበብ ስነግር ለጌጥ አላነሳሁትም። ወደ ኋላ በውጫሌ ውል ላይ ይመጣል።

ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የተጋቡት በሚያዝያ 1875 ዓ.ም. አንኮበር መድኃኔ ዓለም ሲሆን ጋብቻቸውም በቁርባን ነበር። ዕድሜያቸው ወደ ሠላሳዎቹ ደርሷል፤ ከዚያ በፊትም ከአንድ በላይ ትዳር አይተዋል። ይህን ከልጆቹ መደበቅ ይገባል ያለችኝ እናት ነበረች፤ እኔ አልደበቅሁም። ትዳሯ የፈረሰባት ሴት ነገሯ ሁሉ ያበቃ የሚመስላቸው ልጆች በቤታችን አሉና።

ወደ እንጦጦ የወጣነው በመጀመሪያው ቅዳሜ ከሽሮ ሜዳ በሚኒባስ ነው። ልጆቹ ቤተ መንግሥት ሲባሉ በፊልም ያዩትን ዓይነት ጠብቀው ነበርና የምኒልክን አሮጌ ቤት ሲያዩ ዝም አሉ። ድንጋይ፣ ጭቃና እንጨት ነው። አንዱ ልጅ የአያቱ ቤት ገጠር ያለው ይበልጣል ብሎ ተከራከረኝ፤ ስንት እርምጃ እንደሆነ ለካው አልኩትና ለካ። ከዚያ በኋላ ነው ማድመጥ የጀመሩት። ኢጣሊያን ያህል መንግሥት የተጋፈጡት ሰዎች ከእንዲህ ዓይነት ቤት መውጣታቸውን ስነግራቸው ቤቱን እንደገና ዞረው አዩት። በማርያም ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያለው ሙዚየም ውስጥ የቤተ መንግሥቱን አልባሳትና ዕቃ አይተዋል፤ መስታወቱን በእጅ መንካት የለም ብሎ ጠባቂው ሦስት ጊዜ ተቆጥቶናል፤ እውነቱን ነው።

እንጦጦ ብርድ ነው፤ እንጨቱም እያለቀ ነበር። እቴጌይቱ ወደ ታች ወደ ፍልውሃ እየወረዱ ቦታውን ወደዱትና ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፤ በ1879 ዓ.ም. ከተማው መቆርቆር ሲጀምር አዲስ አበባ ብለው ስም ያወጡለትም እሳቸው ናቸው። ይህን ልጆቹ ያውቁት ነበር። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በዚያው በእንጦጦ ማርያም ሲነግሡ፣ በሁለተኛው ቀን ጣይቱ ብርሃን ዘኢትዮጵያ ተብለው እቴጌ ሆኑ።

ያን ጊዜ የውጫሌ ውል ከተፈረመ ገና ስድስት ወሩ ነበር፤ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። አንቀጽ 17ን ለልጅ ማስረዳት ከባድ ይመስለኝ ነበር። ሁለት ወረቀት አዘጋጀሁ። አንዱ ላይ ልጁ ብስክሌት ሲያስፈልገው ከጎረቤቱ ሊዋስ ይችላል ብዬ ጻፍኩ፤ ሌላው ላይ ልጁ የትም ሲሄድ በጎረቤቱ ብስክሌት ብቻ መሄድ አለበት ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱን ወረቀት ለሁለት ልጆች ሰጥቼ እንዲፈርሙ አደረግሁ፤ ከዚያ ጮክ ብለው እንዲያነቡ አልኩ። ጠብ ሊነሳ ምንም አልቀረው። ውሉም እንደዚያ ነው። አማርኛው ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለምታደርገው ግንኙነት በኢጣሊያ መጠቀም ትችላለች ሲል፣ ጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገባት፤ ኢጣሊያም በዚሁ ኢትዮጵያን በሞግዚትነት የያዘች መሆኗን ለአውሮፓ አስታወቀች። አንቶኔሊ መጥቶ ሲከራከር ከሁሉ ጠንክረው የቆሙት እቴጌይቱ ነበሩ። ድርድሩም ፈርሶ አንቶኔሊ በ1883 ዓ.ም. ተቆጥቶ ወጣ።

ክተት የታወጀው በመስከረም 1888 ዓ.ም. ነው። እቴጌይቱ የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘመቱ፤ በሺህ የሚቆጠር እግረኛና ፈረሰኛ በስማቸው ተሰልፏል። ግን እኔ ልጆቹን ያስቆጠርኩት ስንቁን ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ትግራይ በእግር ወራት ይፈጃል። በየቀኑ ይበላል፣ በየቀኑ ይጠጣል። በሶውን ማን ፈጨው? ድርቆሹን ማን አዘጋጀ? ቋንጣውን፣ በርበሬውን፣ ድስቱን ማን ተሸከመው? ጎራዴ የያዘውን ሁሉ በሥዕል እናየዋለን፤ ወፍጮ ተሸክማ ከኋላ የተከተለችውን ሴት ግን አናያትም። እኔ ለአንድ የሰርግ ቤት ሦስት መቶ እንጀራ ለመጋገር ስንት ሌሊት እንደማልተኛ አውቃለሁ። እቴጌይቱ የጦር ዕቅድ ብቻ ሳይሆን የጓዳ ነገርም የሚያውቁ ሰው መሆናቸው በዚያ ዘመቻ ምን ያህል እንደጠቀመ፣ ድግስ የደገሰች ሴት ይገባታል።

አምባላጌ ላይ ድል የተገኘው በኅዳር ነው። ቀጥሎ መቀሌ መጣ። የኢጣሊያ ጦር እንዳ ኢየሱስ በተባለው ኮረብታ ላይ ጠንካራ ምሽግ ሠርቶ፣ ማጆር ጋሊያኖ በሚባል መኮንን ሥር ከአንድ ሺህ በላይ ወታደር ይዞ ተቀምጧል። ዛሬ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ ያለው በዚሁ በእንዳ ኢየሱስ ነው። የኛ ሰው ምሽጉን በጉልበት ለመስበር ሞክሮ ብዙ ሰው አለቀበት። ድንጋዩ አልተነካም።

ምሽጉ ግን አንድ ጉድለት ነበረው፤ ውሃው ከግንቡ ውጭ ከታች ነው። ይህን አይተው ውሃው ይያዝ የሚለውን ሐሳብ ያመጡት እቴጌይቱ መሆናቸውን የዘመኑ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ሰዎቻቸው በሌሊት ወርደው ምንጩን ያዙ፤ ቀን ከሌት ተኩስ እየወረደባቸው ሳይለቁ ጠበቁት።

እኔ ይህን ለልጆቹ በቃል ብቻ አልነገርኳቸውም። ጠዋት ስንነሳ ለሦስት ልጅ አንድ ሃይላንድ ውሃ ሰጥቼ እስከ ምሳ ሰዓት ሌላ የለም ብዬ ነበር። ምክንያቱን አልነገርኳቸውም። ዳገቱን ወጥተን፣ ፀሐይዋ ጠንክራ፣ አራት ሰዓት ሳይሞላ የብዙዎቹ ሃይላንድ ባዶ ሆነ። አምስት ሰዓት ላይ አንዲቱ ልጅ ደብቃ ያስቀረችው ተገኝቶባት ጭቅጭቅ ተነሳ። አንዱ ከጓደኞቹ ድርሻ ላይ መጠጣቱን ሌላው መሰከረበት። ትንሹ ልጅ ማልቀስ ሲጀምር ሙከራውን አቆምኩትና የደበቅሁትን ጄሪካን አወጣሁ። ከጠጡ በኋላ በዛፍ ጥላ አስቀምጬ የመቀሌውን ነገርኳቸው። ምሽጉ ውስጥ ያሉት ወታደሮች ውሃ በስፍር እየተሰጣቸው፣ ከብቱ በጥም እየወደቀ፣ ከታች የሚፈሰውን ውሃ እያዩ ቀኑን እንዴት እንደቆጠሩት ማንም ማብራራት አላስፈለገውም። አንዷ እናት ልጄን አስጠማሽብኝ ብላ ተቀይማኛለች፤ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ለሚቀጥለው ጊዜ የሚያስለቅስ ሰዓት ሳይደርስ ማቆም እንዳለብኝ ተምሬያለሁ።

የኛ ሰፈር ልጆች ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ያውቃሉ። ቢጫ ጄሪካን ተሰልፎ፣ በሌሊት ቧንቧ ሲያንሾካሹክ እናት ተነስታ ስትሮጥ ያውቃሉ። ስለዚህ ጠላትን ያለ መድፍ ያንበረከከው ሐሳብ ከማን ጭንቅላት ሊወጣ እንደሚችል ስጠይቃቸው፣ ብዙዎቹ ውሃ ከሚቀዳ ሰው ብለው መለሱልኝ። ጋሊያኖ በጥር አጋማሽ ምሽጉን ለቆ ወጣ። ምኒልክ መሣሪያቸውን እንደያዙ በሰላም እንዲሄዱ ፈቀዱላቸው፤ መጓጓዣም ተሰጣቸው። ጋሊያኖ ግን ተመልሶ ዓድዋ ላይ ተዋጋ፤ እዚያው ሞተ። ምሕረቱ ትክክል ነበር ወይስ ስህተት በሚለው ላይ ልጆቹ ለሁለት ተከፍለው እስከ ሽሮ ሜዳ ድረስ ሲከራከሩ ወረዱ። እኔ አልዳኘሁም።

ዓድዋን እኔ ራሴ ያየኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዓመታት በፊት ለኅዳር ጽዮን ወደ አክሱም ስንሄድ። አውቶቡሱ ቆመልንና ወርደን ተራሮቹን አየን። ሶሎዳ ከከተማው በላይ ቆሟል፤ ወዲያ ማዶ ተራራው በተራራ ላይ ተደራርቦ፣ ሹል በሹል፣ የትኛው የቱ እንደሆነ ለእንግዳ አይለይም። የጦርነቱን ታሪክ ያን ዕለት ነው የገባኝ። ባራቲየሪ ጦሩን በሌሊት በሦስት መስመር ሲያንቀሳቅስ በእጁ የነበረው ካርታ ትክክል አልነበረም፤ ኪዳነ ምሕረት የተባለው ኮረብታ ካርታው ላይ ያለበት ሌላ፣ የአገሬው ሰው የሚያውቀው ሌላ። አልበርቶኔ የተባለው ጄኔራል ከሌሎቹ ተነጥሎ ርቆ ሄደ። ሲነጋ እያንዳንዱ ብርጌድ ብቻውን ቆሞ ተገኘ። እንጦጦ ላይ ድንጋይ ደርድሬ፣ ልጆቹን ለአራት ከፍዬ፣ አንዱ ቡድን ሌላውን እንዳያይ በዛፍ ጀርባ አቁሜ አሳየኋቸው። በወረቀት ቢሆን ኖሮ አይገባቸውም ነበር።

አውቶቡሱ የቆመ ዕለት አንድ ተሳፋሪ ከመሬት ያገኘውን ዝገት የበላው ብረት ለማስታወሻ ኪሱ ሲከት አይቼ ዝም ማለቴ አሁን ይቆጨኛል። ከቦታው የተነሳ ዕቃ ቤት ሲደርስ ቁራጭ ብረት ነው። ከዚያም በላይ፣ ከቅርቡ ጦርነት ወዲህ በሰሜን ምድር ላይ የወደቀ ብረት ሁሉ የጥንት አይደለም፤ የሚፈነዳም አለበት። ልጆቻችሁ ወደዚያ ዘመድ ጥየቃ የሚሄዱ ካሉ ምንም ነገር ከመሬት እንዳያነሱ ንገሯቸው።

ውጊያው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እሑድ ነው፤ የጊዮርጊስ ዕለት። ንጋት ላይ ንጉሡና እቴጌይቱ ቅዳሴ ላይ ሳሉ ነው ጠላት መምጣቱ የተሰማው። ሠራዊቱ ስንቁ ተሟጦ ሊበተን ጥቂት ቀን ነበር የቀረው፤ ባራቲየሪ ጥቂት ቢታገሥ ኖሮ ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር። እቴጌይቱ በዚያ ቀን ጦራቸውን አሰልፈው ከጦሩ መሐል ሆነው የሚያፈገፍገውን እየመለሱ አደፋፈሩ። ከሠፈሩ የተከተሉትን ሴቶች ውሃ በእንስራ እያስቀዱ ለተዋጊውና ለቁስለኛው እንዲደርስ አደረጉ። ቁስለኛው ከየት ወገን እንደሆነ ሳይጠየቅ እንደጠጣም ይተረካል። እኩለ ቀን ሲያልፍ ነገሩ አብቅቷል። አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሞቱ፤ አልበርቶኔ ተማረከ። ከኛም ፊታውራሪ ገበየሁን የመሰሉ ወደቁ፤ ከሁለቱም ወገን የሞተው በሺህ ይቆጠራል።

ስለ ምርኮኞቹ መንገር አለብኝ ወይስ የለብኝም ብዬ ሁለት ሌሊት አስቤያለሁ። ጣሊያኖቹ ምርኮኞች ወደ አዲስ አበባ መጥተው በየመኳንንቱ ቤት ተደልድለው ቆይተዋል፤ ከጥቅምቱ 1889 የሰላም ውል በኋላ አገራቸው ገቡ። ለኢጣሊያ ያደሩት የኤርትራ አስካሪዎች ግን፣ በመቶ የሚቆጠሩት፣ ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል። በሕጉ የከዳ ቅጣት ነው ተባለ። ከመካከላችን ወንድሟ ከቅርቡ ጦርነት ያልተመለሰላት እህት አለች፤ ልጇም ከአሥራ አራቱ አንዱ ነው። ጦርነትን እንደ ሰርግ አድርገሽ ለልጄ አታውሪለት ብላ ከቀኑ በፊት ቤቴ ድረስ መጥታ ለምናኛለች። ስለዚህ የአስካሪዎቹንም ነገርኳቸው። ትልልቆቹ ልጆች ዝም አሉ። አንዷ እቴጌይቱ ለምን አላስቆሙትም ብላ ጠየቀችኝ። መልስ የለኝም አልኳት። ያቺ እህት ልጇ ማታ ቤት ገብቶ የነገራትን ሰምታ በማግስቱ አመሰገነችኝ፤ ሌሎች ሁለት እናቶች ደግሞ ለልጅ የማይነገር ተናገርሽ ብለውኛል። በሚቀጥለው ስብሰባ ብንነጋገርበት ደስ ይለኛል።

በሁለተኛው ቅዳሜ ፒያሳ ወርደን ጊዮርጊስን፣ የምኒልክን ሐውልትና በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተከፈተውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ አየን። ስለዚህ ብዙ አልጽፍም፤ ሁላችሁም በቀላሉ የምትደርሱበት ነው። አንድ ነገር ብቻ። በየቤታችን የሚሰቀለውን የዓድዋ ሥዕል ልጆቹ ይዘው እንዲመጡ ነግሬ ነበር። የኛ ሰው በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ሲያይ ጣሊያኑ ለምን በአንድ ዓይን ብቻ እንደተሳለ ማንም አልነገራቸውም፤ ራሳቸው ነው ያዩት። የቆየው የአሣሣል ልማድ ጠላትን በጎን ያሳያል አልኳቸው። ከዚያ እቴጌይቱን ፈልጉ ስላቸው ከታች በኩል በፈረስ ላይ፣ ጃንጥላ ተይዞላቸው፣ ሽጉጥ ይዘው አገኟቸው። እንስራ የያዘች ሴት ፈልጉ ስላቸው ግን ከአሥራ አራቱ ሥዕል በአንዱም አልተገኘችም።

ከድሉ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልጨርስ። ፒያሳ ያለው የጣይቱ ሆቴል በስማቸው የቆመ የከተማችን የመጀመሪያ ሆቴል ነው፤ በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ጎድቶታል። እቴጌይቱ ልጅ አልወለዱም። ምኒልክ በሕመም ሲደክሙ ሥልጣኑ በእጃቸው እየገባ ሄደ፤ ዘመዶቻቸውን ሾሙ፣ በጋብቻም አቆራኙ። የወንድማቸውን የራስ ወሌን ልጅ ጉግሣን ለንጉሡ ልጅ ለዘውዲቱ ያጋቡት እሳቸው ናቸው። የሸዋ መኳንንት ይህን አልወደዱም፤ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ አግልለው ባለቤታቸውን እንዲያስታምሙ ብቻ ተዉዋቸው። እንደኔ እንደኔ ዘመድ መሾሙን ሁሉም ያደርገው ነበር፤ ጥፋት ሆኖ የተቆጠረው በእሳቸው ላይ ነው። ግን ጥፋት አልነበረም ማለቴ አይደለም።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። እቴጌይቱ ከቤተ መንግሥት ወጥተው ወደ ነገሡበት ወደ እንጦጦ ማርያም ተላኩ። እዚያ ዳገት ላይ፣ ስም ያወጡለትን ከተማ ከላይ እያዩ ቀሪ ዓመታቸውን ኖሩና የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። አስከሬናቸው ከጊዜ በኋላ ወደ ታእካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ፈልሶ ከባለቤታቸው አጠገብ አረፈ፤ ዘውዲቱም እዚያው ናቸው።

ሦስተኛው ጉዟችን ወደ በዓታ ነው፤ የማኅበሩ ኮሚቴ ሲፈቅድ ቀኑን እናሳውቃለን። የሚኒባሱን ወጪ በልጅ አካፍለን ስለምንከፍል ስም ቀድማችሁ አስመዝግቡ። ልጆቹ ነጠላ ይልበሱ፣ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ ያድርጉ። ሃይላንዳቸውንም ሞልተው ይምጡ፤ በዚህኛው ጊዜ አልቀማቸውም።